የክረምት ሽንኩርትና ቲማቲም፦ ለሆቴል ወጥ ቤት ቋሚ ዋጋ ያለው ውል ያዋጣል?

ጠያቂ (የግዥ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ)፦
የምሠራበት ሆቴል በሳምንት ወደ 4 ኩንታል ቀይ ሽንኩርትና ወደ 3 ኩንታል ቲማቲም ይጠቀማል። አምና በስድስት ወር ቋሚ ዋጋ ከአንድ አቅራቢ ጋር ተዋውለን ነበር፤ ሐምሌ ሲገባ የገበያው ዋጋ ከውሉ በላይ ስለወጣ፣ አቅራቢው በመጀመሪያ መጠኑን ቀነሰ፣ ቀጥሎ የበቀለና ጥቃቅን ሽንኩርት ይልክ ጀመር፣ በመጨረሻም ስልክ ማንሳት አቆመ። አስተዳደሩ ዘንድሮም ያንኑ ዓይነት ውል እንድፈርም ይፈልጋል። እናንተ ክረምቱን እንዴት ትወጡታላችሁ?

መልስ (ጅምላ ነጋዴ፣ ኃይሌ ጋርመንት የአትክልት ገበያ፣ አዲስ አበባ)፦
አቅራቢውን ብቻ አይውቀሱት። የሚሸጥልዎ ቲማቲም በአብዛኛው ከመቂ፣ ከባቱና ከቆቃ አካባቢ በመስኖ የሚመጣ ሲሆን፣ ዝናብ ሲበዛ ቅጠሉንና ፍሬውን የሚያበሰብሰው በሽታ ስለሚበረታና የመድኃኒት ወጪው ስለሚከብድ፣ በወቅቱ ለማልማት የሚደፍረው ገበሬ ጥቂት ነው። ሽንኩርቱም እንዲሁ ነው፤ የፎገራ ገበሬ ለምሳሌ ክረምቱን ማሳውን ለሩዝ ያውለውና ሽንኩርቱን በበጋ ያለማዋል። በዚያ ላይ የፍልሰታ ጾም በነሐሴ 1 ሲገባ ወጥ ቤቱ ሁሉ ወደ አትክልት ስለሚዞር፣ አቅርቦቱ በሳሳበት ወቅት ፈላጊው ይበዛል። ወዲያው ደግሞ እንቁጣጣሽ ይመጣል፤ ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። እንዲህ ባለው ጊዜ በሰኔ ዋጋ ነሐሴን እሸጣለሁ የሚል ነጋዴ፣ ወይ ክረምቱን አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ አስልቶታል፣ ወይ ሊጠፋ ነው።

መልስ (ዋና ሼፍ)፦
እኔ የምግብ ዝርዝሩን አስቀድሜ እቀይራለሁ። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ጥሬ ቲማቲም የሚበዛበትን ሰላጣ ቀንሼ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ድንችና ቀይ ሥር አስገባለሁ። ለስልስና ለሾርባ ቢሆን ረከስ ብሎ የሚሸጠው በጣም የበሰለ ቲማቲም ይበቃል፤ ጠንካራውን ሳጥን ከፍ ባለ ዋጋ ገዝቶ ማፍላት ገንዘብ ማቃጠል ነው። በግንቦት ቀቅሎ በማቀዝቀዣ ማኖርም ይቻላል፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ አስተማማኝ ጄኔሬተር ካላችሁ ብቻ። ከፍራፍሬ በኩል ማንጎ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ስለሚበዛ ያኔ ጭማቂውን በእሱ አደርጋለሁ፤ ሲያልቅ ዓመቱን ሙሉ ከአርባ ምንጭ ወደሚገባው ሙዝና ወደ ፓፓያ እመለሳለሁ።

መልስ (የግዥ ኃላፊ፣ ምግብ አቅራቢ ድርጅት)፦
ውል መፈረሙ ጥሩ ነው፤ ስህተቱ ዋጋውን መቆለፍ ነው። እኛ በውሉ የምንቆልፈው መጠኑን፣ የሽንኩርቱን መጠነ ፍሬና ድርቀት፣ እንዲሁም የመላኪያውን ሰዓት ነው፤ ዋጋው ግን በየሳምንቱ ማክሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከሦስት መደብሮች የተጠየቀው ዋጋ አማካይ ሆኖ፣ አቅራቢው በኪሎ የተወሰነ ብር ለማጓጓዣና ለትርፍ ይጨምርበታል። ርክክቡ በሳጥን ቁጥር ሳይሆን በሚዛን ይሁን፤ ከሳጥኑ ሥር የተጨፈለቀው ተለይቶ ይመዘን። ከአንድ አቅራቢም ሁለት ይሻላል፤ አንዱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ሌላው ቀሪውን ያቅርብ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። የማክሰኞውን ዋጋ የሚጠይቀው ማን ነው፣ እናንተ ወይስ አቅራቢው?

መልስ (የግዥ ኃላፊ)፦
ሁለቱም ወገኖች አንድ አንድ ሰው ይልካሉ፤ ወረቀቱ ላይም እዚያው ገበያው ውስጥ ይፈርማሉ።