አስቸኳይ፦ ፓይተን «ወር ከ1 እስከ 12» እያለ አስቸገረኝ

ጀማሪዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ። የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ላይ ነኝ፣ ዘንድሮ ፓይተን የሚባል የኮድ ቋንቋ ተጨመረብንና ኮድ በዓይኔ አይቼ የማላውቀው ሴትዮ ፕሮግራመር ሁኚ ተባልኩ። አሳይመንቱ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ይገባል። ሕፃናቱ ከተወለዱ በስንት ቀናቸው እንደተከተቡ ማስላት ነው። ቀኑን በእዝባሩ ከፍዬ ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርጌ ለዴት (ለፓይተን የቀን መሣሪያ) እሰጠዋለሁ። ጥሩ ሲሄድ ይቆይና «ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት» ብሎ ቀጥ። የዚያን ልጅ መስመር ከፋይሉ ሳጠፋው ሌላው ላይ ይቆማል። 9 መስመር አጠፋሁ። አሁን ደግሞ «ቀኑ ለወሩ አይሆንም» ይላል።

ሰሚር፦
ፓንዳስን (የፓይተን የሠንጠረዥ መሣሪያውን) አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው። እኔ ጋ በዚህ ነው የተፈታው።

ጀማሪዋ፦
ፓንዳስ አልተጠቀምኩም እኮ።

ጋሽ ኮድ፦
እህቴ፣ አትቀየሚኝና የዘንድሮ ተማሪ ኢረሩን ሳያነብ ነው የሚለጥፈው። እኛ ዲግሪ ላይ ሲ ፕላስ ፕላስ በወረቀት ነበር የምንፈተነው፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ስትጎድል ማርክ ይቆረጥ ነበር። መጀመሪያ ሉፕ ምንድነው፣ ፈንክሽን ምንድነው የሚለውን ያዢ። ማስተርስ ማለት ኮፒ ፔስት አይደለም።

ቡና በጨው፦
ለጤና ሰው ፓይተን ምን ያደርግላታል? ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም እያለ። ኤክሴልም ይበቃታል፣ አንዱን ቀን ከሌላው መቀነስ ነው።

ጀማሪዋ፦
ኮርሱ ፓይተን ነው ወንድሜ፣ እኔ አልመረጥኩትም።

ወ/ሮ ሉፕ፦
የቆመበትን መስመር እስቲ እንዳለ ጻፊልን።

ጀማሪዋ፦
መጀመሪያ ያጠፋሁት 03/13/2015። አሁን የቆመው 30/02/2014 ላይ።

ቡና በጨው፦
ሃሃሃ ጳጉሜ! የ13 ወር ፀጋ ፓይተን ጋ አልደረሰም 😂

ወ/ሮ ሉፕ፦
ፋይሉ በእኛ አቆጣጠር ነዋ?

ጀማሪዋ፦
አዎ፣ የጤና ጣቢያ መዝገብ ነው። በምን ሊሆን ኖሯል?

ሰሚር፦
ፓንዳስ ጫኚና «ኮኧርስ» በይው። ያልገባውን ባዶ አድርጎ ያልፋል።

ወ/ሮ ሉፕ፦
እንዳታደርጊው! ያጠፋሻቸውንም 9 መስመሮች መልሻቸው፣ ጳጉሜ ላይ የተወለዱ ወይም የተከተቡ ልጆች ናቸው። ደግሞ ኢረር የሰጠሽ ይሻላል፣ የሚያስፈራው ዝም ብሎ ያለፈው ነው። 05/02/2014 ለአንቺ ጥቅምት 5 ነው፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 15፣ 2021። ፓይተን ግን ፌብሯሪ 5፣ 2014 ብሎ ነው የያዘው። ሁለቱም ቀን በእኛ ስለሆነ ልዩነቱ አይዛባም እንዳትዪ። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 30 ቀን ነው፣ ፓይተን ፌብሯሪ መስሎት 28 ይልሻል። የ6 ሳምንት ክትባት ላይ 2 ቀን ቀላል አይደለም።

ዴትን ተዪውና ራስሽ ቁጠሪ። ከጳጉሜ በቀር ወሮቻችን እኩል 30 ስለሆኑ ከፈረንጁ ይቀላል። ዓመቱን በ365 አባዢ። ዓመቱን ለ4 አካፍለሽ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ደምሪበት፣ በኮድ ሁለት እዝባር ነው (ጳጉሜ 6 የምትሆንበትን ዓመት የሚይዝልሽ ይሄ ነው)። ከወሩ 1 ቀንሰሽ በ30 አባዢና ደምሪ። በመጨረሻ ቀኑን ደምሪ። ለትውልዱም ለክትባቱም እንዲሁ አድርገሽ ትቀንሻለሽ፣ አለቀ። የፈረንጁን ቀን ከፈለግሽ ውጤቱ ላይ 2430 ደምረሽ ለ«ፍሮምኦርዲናል» (የቀን ቁጥርን ወደ ፈረንጅ ቀን ለሚቀይረው የዴት ትዕዛዝ) ስጪው። በ03/13/2015 ሞክሪው፣ ሴፕቴምበር 8፣ 2023 ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስተሻል።

ጋሽ ኮድ፦
እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ኢረሩን አንብቢ ነው ያልኩት።

ወ/ሮ ሉፕ፦
እሺ ጋሼ።

ጀማሪዋ፦
ሴፕቴምበር 8 መጣ!! እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኗል እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ግን 14 ልጆች ከመወለዳቸው ከ7 ዓመት በፊት ተከትበዋል ይለኛል 😭

ቡና በጨው፦
ጎበዝ ጤና ጣቢያ ነው።

ወ/ሮ ሉፕ፦
የእነሱ ትውልድ በፈረንጅ ተጽፎ ነው፣ ምናልባት ከሆስፒታል ወረቀት ተገልብጦ። የትውልድ ዓመቱ ከክትባቱ ዓመት የሚበልጠውን ለይተሽ አውጪና እሱን ብቻ በተለመደው ዴት አስገቢው፣ የክትባቱን ቀን 2430ውን ደምረሽ ወደ ፈረንጅ ቀይሪና ቀንሺ። አሳይመንቱ ላይም ስንቱን እንዳስተካከልሽ ጻፊ፣ መምህሩ ራሱ ላያውቀው ይችላል።

ሰሚር፦
ፓንዳስን እንደገና ብትጭኚው ግን...