የሚበረክት የቢንቢ ራኬት የት ላግኝ?

ሰላም ቤተሰብ እባካችሁ የምታውቁ ተባበሩኝ። ቤታችን ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ወንዙ ዳር ነው፣ ማታ ማታ ቢንቢው አያስተኛም። በ1 አመት ውስጥ ቻርጅ የሚደረግ ራኬት 3 ጊዜ ገዛሁ፣ የመጨረሻውማ ቀይ መብራቱ ይበራል ግን ቁልፉን ስጫን ያቺ ጠሽ የምትለው ድምፅ የለችም፣ ብፈታው ባለ 4 ቮልቷ ሊድ አሲድ ባትሪ ሆዷ ተነፍቷል። ጎረቤቴ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ ይሄ ባትሪ ቻርጁ አልቆ ከተቀመጠ ይሞታል ሊቲየም ያለው ፈልጊ አለኝ፣ እሺ ግን ሻጮቹን ስጠይቅ ሁሉም "ኦርጅናል ነው" ብቻ (ሌላ ቃል የላቸውም እንዴ)። መርካቶም ሆነ ካዛንቺስ ባለ ሊቲየም፣ ባትሪው የሚቀየር ያያችሁ ካላችሁ ከነዋጋው ንገሩኝ። ፍሊት ንፊ እንዳትሉኝ ብቻ፣ ልጄ አስም አለባት።