በጡረታ ዘመን በአርቪ ለመጓዝ የሚደረግ ዝግጅት

ጥያቄ፦
እኔና ባለቤቴ ያገለገለ አርቪ (አልጋና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና) ገዝተን በመስከረም ወር ከሜሪላንድ ተነሥተን በሜይን ወደሚገኘው የአኬዲያ ብሔራዊ ፓርክ ለመጓዝ እየተዘጋጀን ነው። ጡረታ ከወጣን ወዲህ እርሷ ጠዋት ሽሮና ድርቆሽ ስታሰናዳ እኔ ሞተሩን እፈትሻለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ምጣዱ ይሂድ አይሂድ እያልን እንከራከራለን። በአርቪ ውስጥ እንጀራ መጋገር ይቻላል? ሌላስ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ 1፦
የአርቪ ባለ 30 አምፔር የኤሌክትሪክ መስመር በ120 ቮልት የሚሰጠው 3,600 ዋት ብቻ ስለሆነ፣ ምጣዱና ኤሲው (አየር ማቀዝቀዣው) አብረው ከሠሩ ብሬከሩ ወርዶ መብራቱ ሊቋረጥ ይችላል። ኤሲውን አጥፍተው መጋገር ይችላሉ፤ ነገር ግን እንፋሎቱ አልጋው ድረስ ስለሚዘልቅ እኛ ትተነዋል። በዚህ ክርክር ከድርቆሹ ጋር ነኝ።

መልስ 2፦
ወንድሜ፣ ከምጣዱ በፊት ጎማውን ይመልከቱ። ብዙ የቆመ አርቪ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሰነጠቃል። በጎኑ «DOT» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ካለው ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 23ኛ ሳምንት ነው።

መልስ 3፦
በባልቲሞር ወደብ ሥር የሚያልፉት ዋሻዎች ትልቅ የፕሮፔን (የማብሰያ ጋዝ) ሲሊንደር የያዘ መኪና ስለማያሳልፉ፣ በምዕራብ በኩል በ695 አውራ ጎዳና ይዙሩ። ዕድሜያቸው 62 የሞላ የአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች የዕድሜ ልክ የብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ ካርድ በ80 ዶላር ያገኛሉ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ወጥቼ ባየው የጎማው ቁጥር 1114፣ ማለትም እ.ኤ.አ. የ2014 ሆኖ ስላገኘሁት፣ መነሻችንን በሁለት ሳምንት አዘግይተናል።