ቁርጭምጭሚት ተሰብሮ እርቅ ሲመጣ፦ 60,000 ብሩን ይቀበሉ?

የመንዝ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ጣርማ በር አካባቢ ከአስፋልቱ ወጥተው ዳር እንደቆሙ አይሱዙ ገጭቷቸው ቁርጭምጭሚታቸው ከውስጥም ከውጭም ተሰብሯል። ብረት ከገባላቸው ሁለት ወር ሊሆን ነው፤ ገና በክራንች ናቸው። ባለመኪናው "ያጠፋው ሹፌሩ ነው፤ ቢሆንም 60,000 ብር ልስጥና እንታረቅ" ብሎ ሽማግሌ ልኳል። አጎቴ ገበሬ ናቸው፣ የደመወዝ ማስረጃ የላቸውም። ምን ትላላችሁ?

የአጥንት ክፍል፦
የዚህ ስብራት ጉዳት በሁለት ወር ተለይቶ አይታወቅም። አጥንቱ ቢገጥምም የመገጣጠሚያውን ጫፎች የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል ተጎድቶ ከሆነ ሕመሙና ድርቀቱ ዓመት ቆይቶም ሊመጣ ይችላል። ከቅልጥሙ ሥር ያለው አጥንት አንድ ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ቢሸሽ እንኳ ክብደት የሚያርፍበት ስፋት በእጅጉ ይቀንሳል፤ መገጣጠሚያውን ቶሎ የሚበላው ይህ ነው። ስለዚህ ኤክስሬይ ሲነሱ ከፊትና ከጎን ብቻ አይበቃም፤ እግሩ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ዞሮ የሚነሳውንም ጠይቁ። ፊልሞቹን ሁሉ ቤት አስቀምጡ።

ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እግርን ወደ ላይ ማጠፍ ነው። ደልዳላ መንገድ ላይ ለመራመድ 10 ዲግሪ ያህል ያስፈልጋል፤ ለመንዝ ዳገትና ቁልቁለት፣ ለእርሻ ደግሞ ከዚያ በላይ። ሐኪሙ በዲግሪ ለክቶ በማስረጃው ላይ ይጻፈው፤ "እግሩ ተጎድቷል" የሚል ወረቀት ፍርድ ቤት ብዙም አይረዳም።

እባካችሁ ወጌሻ እንዳይነካው። ብረት የገባበትን እግር ማሸት ብሎኑን ሊያላላው ይችላል፤ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ደም አቋርጦ እግር እስከማስቆረጥ ይደርሳል። ቁስሉ መግል ካመጣ ወይም ባቱ በድንገት ካበጠ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ጠበቃ ዘሸዋ፦
"ሹፌሩ ነው" የሚለው ባለቤቱን ነጻ አያወጣውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ባለመኪና መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የሚያመልጠው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ሌላው መከራከሪያው "ጥፋቱ የተጎጂው ነው" ማለት ስለሆነ፣ የትራፊክ ፖሊሱን ፕላን ቅጂ አውጡና አጎትህ ከአስፋልቱ ውጭ መሣላቸውን አረጋግጡ። የሦስተኛ ወገን መድን ሰጪው ማን እንደሆነም ከዚያው መዝገብ ያዙ። መድኑ የሚከፍለው ጣሪያ አለው፤ ከዚያ የተረፈው ባለቤቱ ላይ ነው። መድን ባይኖረው ወይም ገጭቶ ቢያመልጥ የመድን ፈንድ አለ።

እርቁን በተመለከተ፦ "ከእንግዲህ የምጠይቀው የለም" የሚል ውል ከተፈረመ እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል (ቁጥር 3312)። ኋላ እግሩ ቢብስ መመለሻ የለም፤ ስለዚህ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ሳያያቸው አትፈርሙ። ሒሳቡን እዩት፦ ለምሳሌ የዓመት ገቢያቸው 80,000 ብር ቢሆንና የሐኪሞች ቦርድ 20 በመቶ ጉዳት ቢል፣ በዓመት 16,000 ብር ያጣሉ። 60,000 ብሩ አራት ዓመት አይሞላም። የሕሊና ጉዳት ካሳ በሕጉ ከ1,000 ብር አይበልጥምና ዋናው ክርክር ገቢው ላይ ነው።

ለገቢው የመሬት ደብተራቸውን፣ ከቀበሌና ከወረዳው ግብርና የመሬቱን ስፋትና ምርት የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ለቀጠሩት አራሽ የከፈሉበትን በምስክር አዘጋጁ። ብረቱ ኋላ የሚወጣ ከሆነ ሐኪሙ ወጪውን ይጻፍ፤ እንደሚደርስ የተረጋገጠ ጉዳት አሁኑኑ ይጠየቃል (ቁጥር 2092)።

ቦርዱን ጠብቁ ስል ዝም ብላችሁ ተቀመጡ ማለቴ አይደለም። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል (ቁጥር 2143)። የዳኝነት መክፈያ ከሌላቸው በደሃ ደንብ ማመልከት ይችላሉ።

የመንዝ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልን። ሽማግሌዎቹን ግን ባዶ እጃቸውን መመለስ ከበደን።

ጠበቃ ዘሸዋ፦
አትመልሷቸው። "ቂም የለንም፣ እርቁን እንወዳለን፤ ካሳው ግን ቦርዱ ካየው በኋላ ይቆረጥ" በሏቸው። ለሕክምና አሁን ገንዘብ ካስፈለገ ተቀበሉ፤ ደረሰኙ ላይ "ለሕክምና ወጪ የተከፈለ፣ ከመጨረሻው ካሳ የሚታሰብ" ተብሎ ይጻፍ፣ ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ይፈርሙ።