የአምራቹ የሞስፌት ሞዴል ሲሙሌሽኑን ስላስቆመብኝ የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ መንዝ ውስጥ የመብራት መስመር ላልደረሳቸው ዘመዶቼ ከሶላር ፓኔል 12 ቮልት ባትሪ የሚሞላ ሰርኪዩት እየነደፍሁ ነው። ዕቃውን አዲስ አበባ ወርዶ ከመግዛት በፊት በኤልቲስፓይስ፣ ማለትም ሰርኪዩትን በኮምፒውተር በሚሞክር ፕሮግራም፣ መፈተሽ ይሻላል፤ የተቃጠለ ሞስፌት (በቮልቴጅ የሚታዘዝ የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ) አይመለስምና።

ሰርኪዩቱ 18 ቮልት ተቀብሎ፣ በ50 ኪሎ ኸርዝ እየቆራረጠ፣ በ100 ማይክሮ ሄንሪ ኢንደክተርና በ470 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አማካይነት 14.4 ቮልት እንዲሰጥ የታሰበ ነው። ከፕሮግራሙ ጋር በመጣው ሞስፌት በትክክል ይሠራል፤ የአምራቹን የአይ አር ኤፍ 540 ሞዴል ስተካበት ግን ሞስፌቱ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ከረንት ማሳለፉን ሲያቆም፣ ፕሮግራሙ የሚያሰላበት የጊዜ እርምጃ ከመጠን በላይ አንሷል የሚል መልእክት አውጥቶ ይቆማል።

ሞዴሉ ንዑስ ሰርኪዩት (በውስጡ በርካታ ክፍሎች ያሉት ትንሽ ሰርኪዩት ሆኖ የተጻፈ) በመሆኑ የምልክቱን መለያ ፊደል ከ«ኤም» ወደ «ኤክስ» ቀይሬያለሁ፤ የእግሮቹንም ቅደም ተከተል፣ ማለትም ድሬን፣ ጌት፣ ሶርስ፣ ከሞዴሉ ፋይል ጋር አመሳክሬያለሁ። ጌቱ ላይ የ10 ኦም ሬዚስተር ጨምሬ፣ ሬልቶል የተባለውን የስህተት ወሰን ከ0.001 ወደ 0.01 ባላላውም ለውጥ አላመጣም። ከዚህ በላይ ማላላቱ የሚወጣውን ቁጥር እንዳላምነው ያደርገኛል እንጂ መፍትሔ አይመስለኝም።

የምጠረጥረው ሞስፌቱ ማሳለፉን ሲያቆም የኢንደክተሩን ከረንት የሚቀበለውን ዳዮድ ነው። በሞዴሉ ምንም ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ያልተሰጠው በመሆኑ፣ የኢንደክተሩ ከረንት ወደ እርሱ በሚዞርበት ቅጽበት ቮልቴጁ ያለ ገደብ የሚዘል ይመስለኛል። በሾትኪ ዳዮድ (ፈጣንና አነስተኛ ቮልቴጅ የሚያባክን የዳዮድ ዓይነት) ሞዴል ብተካው ይበቃል ወይስ ትይዩ ሬዚስተርና ካፓሲተር ልጨምርበት? የሞስፌቱን ሞዴል ከሰርኪዩቱ ነጥሎ ጤነኛነቱን ማረጋገጥ የሚቻልበትን መንገድ የሚያውቅ ካለም ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ኔትሊስቱን (የሰርኪዩቱን ክፍሎችና ግንኙነታቸውን የሚዘረዝረውን ጽሑፍ) ለሚፈልግ ሙሉውን አቀርባለሁ።