«መድረክ የፈለገ መድረኩን ይጥረግ» ተባልን

የሆጤ ልጅ፦ እሁድ እዚህ ደሴ ቤተ ክርስቲያናችን ማስታወቂያ ላይ የተባለውን ሰማችሁ? በአምልኮ፣ ማለትም በመዝሙር፣ ማገልገል የሚፈልግ መጀመሪያ ስድስት ወር አዳራሽ ያጸዳል፣ ከዚያ ድምፁ ይፈተናል። ይባስ ብሎ «መድረክ የፈለገ መድረኩን ይጥረግ» ተብሎ ተሳቀብን። ሊመዘገቡ የነበሩት ልጆች ፎርሙን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

አልቶ፦ ምን ነውር አለው? መጥረጊያ ካስከፋህ ማይክ ስትይዝ ምን ልትሆን ነው? ዳዊት እንኳ «በእግዚአብሔር ቤት እጣል ዘንድ መረጥሁ» ብሏል።

ቤዝ፦ ዳዊት አላለም። መዝሙር 84 የቆሬ ልጆች ነው፣ ርእሱን እዪው። የቆሬ ልጆች ደግሞ ዘማሪዎች ነበሩ።

አልቶ፦ በር ጠባቂዎችም ነበሩ! 1ኛ ዜና መዋዕል 9፥19። ግማሹን ብቻ አታንብብ።

ቤዝ፦ እሺ፣ እዚያው መጽሐፍ ላይ ቀጥዪ። 25፥7 ላይ ዜማ የተማሩ 288 ሰዎች ተቆጥረዋል። የሌዋውያኑ አለቃ ክናንያም ዜማ ያስተምር የነበረው አዋቂ ስለነበረ ነው፣ 15፥22። እኛ ጋ ማን ያስተምራል? ልምምድ ማለት ስልክ ላይ መዝሙር ከፍቶ መቅዳት ሆኗል። መጥረጊያውስ ይሁን፣ አስተማሪው የታለ?

ጋሼ፦ ልጆች፣ ረጋ በሉ። በድምፁ ብቻ ያስገባነው ልጅ ነበር። መድረክ ላይ እያነባ ይዘምራል፣ ቤቱ ከእናቱ ጋር አይነጋገርም። ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ማዕድ ለማገልገል እንኳ በመልካም የተመሰከረለት ሰው ነው የተፈለገው።

የሆጤ ልጅ፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን መጥረጊያ ሕይወትን በምን ይለካል? ጎበዝ ጠራጊ ሆኖ ሰፈር የሚያምስ አያውቁም? ደግሞስ ባለፈው ኮንፈረንስ ከአዲስ አበባ የመጣው ኪቦርድ ተጫዋች ስንት ወር ጠረገ?

ጋሼ፦ እሱ እንግዳ ነው። እንግዳ መጥረጊያ አይሰጠውም።

የሆጤ ልጅ፦ ፖስታ ግን ይሰጠዋል።

ጋሼ፦ የትራንስፖርት ነው!

የሆጤ ልጅ፦ አልጋውም ትራንስፖርት ነው?

ቆላው፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። እኛ ጋ ብዙው ዘማሪ ፋብሪካ ውስጥ ሺፍተኛ ነው። ከሌሊት ሺፍት ወጥቶ፣ ዩኒፎርሙን ሳይቀይር፣ የማይኩን ስታንድ ተደግፎ የሚለማመድ ልጅ አለ። ና ጥረግ በሉት እስቲ።

አልቶ፦ ስለ ደሴ ነው የምናወራው። ኮምቦልቻን ማን ጠራ?

ቆላው፦ ኪቦርድ የሚመታ ስታጡ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት የሚወጣላችሁ ማን ነው? ያኔ ግን «ወንድማችን» ነን።

ጦሳ ሥር፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አምባሰልና ባቲ የሚባሉ ቅኝቶች ያሉት አገር ላይ ተቀምጠን ሁሉም መዝሙራችን በአንድ ዓይነት የኪቦርድ ምት ይዘመራል። ማሲንቆ የሚችል ልጅ መጥቶ «አዝማሪ ይመስላል» ተብሎ ተመለሰ። እሱ እኮ ለመጥረግም ፈቃደኛ ነበር።

አልቶ፦ ማሲንቆ እኔ ጠጅ ቤት ነው የማውቀው።

ጦሳ ሥር፦ ጠጅ ቤት ምን ልትሠሪ ገባሽ?

አልቶ፦ ጨዋ ሁን!

ቤዝ፦ ኪቦርዱስ ናይት ክለብ አያውቅም? መዝሙር 150 ላይ ባለ አውታር መሣሪያም አለ።

ጋሼ፦ ጉዳዩ ማሲንቆ አይደለም። ወደ ጉዳዩ ተመለሱ።

የሰፈር ሰው፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ በጉዳያችሁ የለሁበትም። ማንም ይጥረግ ማን፣ ሞንታርቦውን ብቻ ወደ ግቢያችሁ አዙሩልን። ልጄ ማትሪክ ተፈታኝ ናት።

ጋሼ፦ ይቅርታ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ እናዞረዋለን።

የሆጤ ልጅ፦ አያችሁ? ለጎረቤት ወዲያው መልስ አለ። ለእኛ ስድስት ወር።

አልቶ፦ አቤት ነገር ስትወድ! ቅዳሜ ጠዋት ጽዳት አለ፣ ከልብህ ከሆነ ና።

የሆጤ ልጅ፦ መዘምራኑም ይመጣሉ?

አልቶ፦ እኛማ ልምምድ አለን።

ቆላው፦ በቃ፣ ገባን።

አልቶ፦ ምኑ ነው የገባህ? እኛ በጊዜያችን ጠርገናል!

ቤዝ፦ መቼ? አብረን አይደል እንዴ የገባነው? እኔ ያኔ ማንም መጥረጊያ ሲይዝ አላየሁም።

አልቶ፦ አንተ መቼ በሰዓት መጥተህ ታያለህ?