አየሩ ናይትሮጅን ከሆነ ዩሪያ ለምን እንገዛለን?

የጅሩ ልጅ፦
ሰላም ወገን። ለክረምት እነዋሪ ቤተሰብ ጋ መጥቼ ነው። የአባቴ ማሳ አምና ግማሹ ባቄላ፣ ግማሹ ስንዴ ነበር። ዘንድሮ ሙሉውን ስንዴ ዘሩት። ማዳበሪያው እኩል ነው የተበተነው፣ ግን የባቄላው ወገን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሌላው ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ነው። ብጠይቃቸው «ባቄላ መሬት ያሳርፋል» ብለው ዝም። ደሞ አየር 78 ፐርሰንት ናይትሮጅን ነው ተብለን ተምረናል። ታዲያ ዩሪያ የሚባለውን የናይትሮጅን ማዳበሪያ በብር የምንገዛው ለምንድን ነው?

አፈር ገፊው፦
አባትህ ልክ ናቸው። የአየሩ ናይትሮጅን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ክፉኛ የተጣበቀ ነው፣ ስንዴ አያላቅቀውም። መብረቅ ትንሽ ያላቅቃል። ፋብሪካ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ያላቅቃል፣ ዩሪያ የሚወደደው አንድም ለዚህ ነው። ባቄላ ግን ሪዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ ሥሩ ላይ አስጠግቶ ስኳር ይቀልበዋል፣ እሱም ኪራዩን በናይትሮጅን ይከፍላል 😄 ባቄላ ሲያብብ አንዱን በዶማ ከነአፈሩ አንሳ፣ ጎትተህ አትንቀል፣ ባክቴሪያው የሚኖርባቸው የሥሩ እባጮች መሬት ውስጥ ይቀሩብሃል። አንዷን በጥፍርህ ሰንጥቃት። ውስጧ ሥጋ መስሎ ከቀላ እየሠራች ነው።

ባለላሟ፦
ሥሩና ቅጠሉ ሲበሰብስ ነው ለስንዴው የሚደርሰው። የቀረውን ላሟ ትበላለች፣ በእበትና በሽንት ትመልሳለች። እኛ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ግን እበቱ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፣ ናይትሮጅኑም በጭስ ወደ አየር። አመዱ ፖታሽ አለው፣ ናይትሮጅን ግን ከየት ይምጣ። እናቴን «እበቱን ለማሳ እናድርገው» ብላት «እንጀራውን በምን ልጋግረው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሽንቱን ግን አታባክኑ። ጠዋት በረት ስትከፍቱ ዓይን የሚቆጠቁጠው አሞኒያ ነው፣ ማለትም ማዳበሪያችሁ እየሸሸ ነው። ገለባ ጎዝጉዙበትና ከፍጉ ጋር ቅበሩት።

ከመረሬው፦
ቢጫው ወገን ውሃ ተኝቶበት እንደሆነ አይተሃል? የጅሩ አፈር መረሬ ነው፣ ውሃ የሚይዝ ጥቁር ሸክላማ አፈር። ውሃ ሲቋጥር አፈሩ አየር ያጣል፣ ያኔ ሌሎች ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ፍለጋ ናይትሬቱን፣ ማለትም ስንዴው የሚመገበውን ናይትሮጅንና ኦክስጅን የተጣመሩበትን ነገር፣ ሰብረው ናይትሮጅኑን ወደ ሰማይ ይለቁታል። ባቄላው መርዳቱ እንዳለ ሆኖ፣ ዩሪያ ከመድገምህ በፊት ቦዩን ክፈት።

የጅሩ ልጅ፦
ሄጄ አየሁት። በቢጫው በኩል ቦዩ ተደፍኗል፣ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚት ገባ። አባቴ አካፋ ይዘው መጡና «ስልክህ ነው የነገረህ?» አሉኝ።